መቀርቀሪያ

ዓባይን ወርዶ፣ ዓባይን ወጥቶ፣
ፍሬኑ ግሎ፣ ጎማው ሸትቶ፣
አውቶቡሱ ደጀን ተንፍሶ ሲቆም
(ዐሥር ደቂቃ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም)
ረዳቱ ይጮሃል፦ «ደጅ የምትወጡ!
ጥለን ነው የምንሄድ፣ ብዙ እንዳትቀመጡ!»

ወንዱ ወደ አጥሩ፣ ፊቱን አዙሮ፤
ሴቱ ወደ ባሕር ዛፍ፣ ነጠላ ወጥሮ።
ቤትስ ነበረ፣ በቀይ ቀለም ስም ያለው፤
ከ«መጸዳጃ» ላይ ፊትና ኋላው ረግፎ
«ጸዳ» ብቻ ነበር የቀረው።
ሽታው ግን ከጽሑፉ ጋር አልተስማማም።

ጥቅምት ላይ ጠሩኝ፣ ለእድሳት።
አቶ እንየው ናቸው የሥራው ኃላፊ።
«በጀቱስ?» እላለሁ፤ ይላሉ «እንየው»፤
«ውሃውስ?» እላለሁ፤ ይላሉ «እንየው»፤
ስሙን ከመልሱ ማን ነው የሚለየው?

ግድግዳውን ስፍቅ ሰው ነው የረገፈ፦
«ማስረሻ ከቡሬ»፣ በሚስማር የጻፈ፣
አንድ ቁጥር የጎደለው ስልክ፣
«ጥሩዬ ይቅር በይኝ»፣ ቀን የሌለው፣
ደግሞ ከታች፣ ቁጢጥ ባለ ሰው ቁመት ልክ
የጤፍ ሒሳብ፦
ሰባት ኩንታል፣ ሲቀነስ ሦስት፣ ይቀራል አምስት።
ተሳስቷል። በእርሳሴ አረምኩለት፤ አራት አልኩት።
ከዚያ ፋቅሁት።

ወይዘሮ የዝና ከደጃፉ ናት፤
ሁለት ብር ተቀባይ፣ ከጀሪካን ቀጂ፣
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ።
የሴቶቹን በር መቀርቀሪያ ሌባ ነቅሎት፣
ማመልከቻ ጽፋ፣ ማመልከቻውም ጠፍቶ፣
«ግቢ» ትላለች፣ «አለሁልሽ እኔ»፤
ከዚያ ዞር ብላ በሩን በጀርባዋ ትደገፈዋለች።
ለእርጉዟ፣ ለመነኩሲቷ፣
ረጅም ቀሚሷን ለምትሰበስብ ሚዜ፣
ማርቆስ ለምትማር ልጅ፣ የወር አበባዋ መንገድ ላይ ለመጣባት፣
አንድ ጀርባ ነበር።
የበሩ አረንጓዴ ቀለም ለቆ ለቆ
ካፖርቷ ላይ አለ፣ ትከሻዋ ላይ ደርቆ።

አንሙት ከሉማሜ መጣ፣ ቧንቧ ሊዘረጋ።
ሴራሚኩ በመንገድ ሦስቱ ተሰበረ፣
ሁለቱን እኔ ሰበርኩ፤ አልደብቅም።
ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ጉድጓዱ ተመጠጠ፤
ያን ቀን ምሳ የበላ የለም።

መስተዋት ዝርዝሩ ላይ አለ፣
የመመረቂያ ሪባን እንኳ አለ፤
መቀርቀሪያ የለም።
ከኪሴ ገዛሁ። አራት ብሎን፤ አራተኛው አጠረ።
በሩን ላግሁት፣ ከመቃኑ ጋር አስማማሁት፣
ገፋሁት፤ ግጥም አለ።
ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቀርቷል፤ ግጥም ከተባለ
የኔ ይኸው ነው፣ እንጨት ላይ የዋለ።

ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ።
አንዲት እናት ወረደች፣ ልጅ አዝላ፣ ቸኩላ።
የዝና ተነሣች፤ «ግቢ» አለች፣ «አለሁልሽ»፤
ዞራ ጀርባዋን ሰጠች።
ከውስጥ ቀጭ አለ።
ሰው የገፋት ያህል ደነገጠች።
«ተቆልፏል እናቴ» አለች ሴቲቱ፣ «አይድከሙ፣ ይቀመጡ።»

ዘጠኝ ዓመት የቆመ ጀርባ
በአንድ ቀጭታ ሥራ ፈታ።

አቶ እንየው አዲሱን ቧንቧ ከፈቱ።
አየር ተነፈሰ፣ ሳለ፣ ዝም አለ።
ምን እንዳሉ አልነግራችሁም።

የዝና ጀሪካኗን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣
ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች፤ በመጨረሻ
ጠዋት የቀባሁትን ግድግዳ ተደገፈች።
ክሬም ቀለም ካፖርቷ ላይ፣ ካረንጓዴው ላይ፤
ግድግዳው ላይ ደግሞ የጀርባዋ ልክ።
ብሩሹ በእጄ ነበር።
ረዳቱ ይጮሃል፦ «ተሳፈሩ! ጥለን ነው የምንሄድ!»
አላስተካከልኩትም።